የአባባ ቃል ያለበት ካርድ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለኢክላስ፣

አሰላሙ አለይኩም። ከባለቤትሽና ከልጅሽ ጋር እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? የጅዳ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬ ደም ግፊት ወጣ ገባ ይላል እንጂ ምግብ ትበላለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች።

የምነግርሽ በስልክ የሚሆን አይደለም። ስትደውዪ እማዬ ድምፁን ከፍ አድርገው እያለች አጠገቤ ትቀመጣለች። ይህን ደግሞ እሷ መስማት የለባትም። ስለዚህ ለዑምራ በሚመጣ የሰፈር ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩ የኑሕ ነው። ወንድማችን ነው፣ ክፉ አላወራበትም። ግን የአባባ የመጀመሪያ ሚስት ልጅ መሆኑን ዘንድሮ ደጋግሞ ያስታውሰን ጀምሯል። በታኅሣሥ ሜትር ይዞ መጣና አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ለካ። ምን ልትሠራ ነው ብለው፣ ቆርቆሮው አርጅቷል፣ ልቀይርላችሁ ብዬ ነው አለኝ። እስካሁን የመጣ ቆርቆሮ የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እማዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ እትዬ፣ ያ የአባባ ፊልም አለ አይደል፣ ልጆቼ የአያታቸውን ድምፅ ሰምተው አያውቁም አላት። እሷም ደስ ብሏት፣ አሽጌ አስቀምጬዋለሁ፣ ሽማግሌም ጨምረህ ና አለችው። ረመዳን ሊገባ ሲል ባለው ጁምዓ ይመጣሉ። ሦስት ሳምንት አይሞላም።

ትዝ ይልሻል፣ በ1999 አባባ ሲታመሙ ሦስት ሽማግሌ አስጠርተው፣ ይህ ቤት በስሜ ይጻፍ እንጂ በሚስቴ ወርቅ የተገዛ ነው፣ የእሷ ነው ሲሉ ካሜራ ያስመጣነው አንቺና እኔ ነን። አቶ ወዬሳ በወረቀት ይስፈርና እንፈርም ብለው ነበር። ፊልም እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ኑሕ እንደሄደ ፍለጋ ጀመርኩ። ዋናው ካሴት የቀረው ያኔ ፊልሙን የቀረጸልን ሰው ዘንድ ነበር። ቀራንዮ የነበረው ሱቁ ዛሬ ፋርማሲ ሆኗል። ሰውየውን በስንት መከራ አገኘሁትና፣ ወንድሜ፣ ያኔ ካሴት ውድ ነበር፣ ሲዲውን ከሰጠኋችሁ በኋላ የሌላ ሰው ሰርግ ቀርጬበታለሁ አለኝ። ሲዲውን ከብፌው አወጣሁት። ጀርባው ቋቁቻ እንደያዘው ሰው ቆዳ ላይ ላዩን ተልጧል። ማጫወቻ ያለው ሰው ፈልጌ ሞከርኩት። አባባ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ከዚያ አፋቸው እንደተከፈተ ቀጥ ይላል።

የቀረው አንቺ በ2009 ስትመጪ ያስገለበጥሽበት ትንሿ ሚሞሪ ካርድ ነበረች። የእማዬን አመል ታውቂያለሽ። ጣሪያው አፍሶ የልደት ካርዶቻችን ከሻገቱ ወዲህ ላሚኔት ያላስደረገችው ነገር የለም። ካርዷንም እንዳትጠፋ ብላ ከአባባ መታወቂያ ጋር አንድ ላይ ላሚኔት አስደርጋታለች። ከፎቷቸው ሥር በላስቲኩ ውስጥ ጎልታ ትታያለች።

አየር ጤና ስልክ የሚጠግነው ቀዳማዊ ዘንድ ወሰድኳት። ላስቲኩን በምላጭ ቀዶ አወጣትና አገላብጦ አይቶ፣ ጋሼ፣ ይቺን ማን ነው የተኮሳት አለኝ። እናቴ ናት ስለው ሳቁን ዋጠው። ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት። ካርዷ ባዶ ናት፣ ፎርማት ላድርጋት፣ ማለት ሙልጭ አድርጌ ላጽዳት ወይ ብሎ ኮምፒውተሩ ጠየቀ። አይሆንም አልኩ። ሁለት ቀን አስቀምጦ በሌላ ማሽን ሞከራት፤ ያው ነው። ምናልባት ሙቀቱ ነው፣ ምናልባትም ዕድሜዋ ነው፣ እነዚህ ነገሮች ዝም ብለው ተቀምጠውም ይሞታሉ አለኝ። ከመታወቂያው ጋር እንደገና አሳሽጌ በቦታዋ መለስኳት። እማዬ አላወቀችም። ትናንት ለጎረቤት አውጥታ ስታሳይ አየኋት።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሞተዋል። አቶ ወዬሳ ግን አስኮ ልጃቸው ቤት አሉ። ሄጄ አባባ ያሉትን ያስታውሱ እንደሆን ጠየቅኳቸው። ስለ ቤት ነው ያወሩት፣ ቃል በቃል ያልያዝኩትን ግን አልመሰክርም፣ ፊልሙ አለ አይደል እንዴ አሉኝ። እኔም ራሴን መረመርኩ። ከአባባ ቃል ውስጥ ከላይ ከጻፍኩልሽ የበለጠ አንዲት ቃል በትክክል አላውቅም። ፊልሙ አለ ብለን ሁላችንም ረስተነዋል።

አሁን የቀረን ያንቺ አሮጌ ስልክ ብቻ ነው። ያኔ ለራስሽም ገልብጠሽ እንደነበር አስታውሳለሁ። ካገኘሽውና ሳይነካ የቆየ ከሆነ ቻርጅ ላይ አትሰኪው። ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል ብሏል ቀዳማዊ። ከተከፈተም ለሚጠይቅሽ ነገር ሁሉ እሺ አትበዪ። የሚያውቅ ሰው ዘንድ ይዘሽ ሂጂ። ከተገኘ በሁለት በሦስት ቦታ አስገልብጪው፣ አባባ ያሉትንም ቃል በቃል በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ። ካልተገኘ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ለእማዬ ምን እንደምላት አላውቅም።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ኒቃብ አትላኪልኝ፣ ራስሽ ነይ ትላለች። ባለቤቴ ዙቤዳና ልጆቹ ናፍቀውሻል። ኑሕም ሰላም በልልኝ ብሎኛል። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ፈይዛን ሳሚልኝ። ዓምና በዚያው አሮጌ ስልክሽ ጌም እየጫነች፣ ሞላብኝ እያለች ያለውን ታጠፋለች ብለሽ ስቀሽ ነበር። ልጅ ናት፣ አትቆጫት። ብቻ ስልኩን ዛሬውኑ ከእጇ ተቀበያት።

ወንድምሽ መህዲ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.