ጋኑ ላይ የጠረግኩት በረዶ

እትዬ፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ! እንደምን ነሽ፣ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና አይደለሁም። ያኔ ጋዝ ሸተተኝ ብዬ ሕንፃውን ሙሉ ሰው አስወጥቼ ምንም ሳይገኝ መቅረቱን አልረሳሁም፣ አንቺም ስልኬን ማንሳት የተውሽው ከዚያ ወዲህ ነው፣ ለዚህ ነው ይሄን ደብዳቤ በማጸዳበት ክሊኒክ ሾፌር የላኩልሽ።

ፅንስሽ በረዶ ሆኖ የተቀመጠበት፣ እኛ ጋን የምንለው ብረት፣ አንገቱ ላይ በረዶ ያወጣል። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ፣ አለቃዬም ጎበዝ፣ መስታወት አስመሰልሽው ትለኛለች። ዛሬ ማቀዝቀዣውን ናይትሮጅን የሚሞላው ሰውዬ በረዶውን ሳልጠርገው አየና ደነገጠ፤ ይሄ ጋን ቅዝቃዜውን እያፈሰሰ ነው፣ ሞልቼው ብሄድም ለነገ መድረሱን እንጃ አለኝ። ሮጬ ለአለቃዬ ብነግራት ደግሞ ጀመረሽ? ኮምፒውተሩ ደህና ነው ይላል አለችኝ። ኮምፒውተሩ እኮ የሚለው እሷ ባለፈው ሳምንት የጻፈችበትን ነው! የኮምፒውተሩ ክፍል ትንሽ ሲሞቀው ይጮኻል፣ ሁሉም ይሯሯጥለታል። ጋኑ ምን አፍ አለው?

የላብራቶሪው ሰውዬ አንዴ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ሰው የሚሠራበት ጽሑፍ በሙሉ፣ ዓይኑም ቁመቱም፣ ስልክሽ ውስጥ ይገባል አለኝ። ታዲያ ጋኑ ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቀው፣ ስልክሽ አፍንጫ ያበቅላል ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ፅንሱ ግን በዓይን እንኳን በቅጡ ሳይታይ ጽሑፉም አንባቢውም ግንበኛውም እዚያው ውስጡ ናቸው አለ። የኮምፒውተሩ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ቅጂ አለው። ያንቺ አንድ ነው የቀረው፣ ቅጂ የለውም።

አለቃዬ ወደ ደህናው ጋን የማዛውረው የፅንሱ እናት ራሷ ካዘዘችኝ ነው፣ በጽዳት ሠራተኛ ወሬ አልከፍተውም ብላለች። ሲመሽ ቆልፋ ትሄዳለች።

ይሄን አንብበሽ ቅደጂው፣ ባልሽ እንዳያየው። እንቁላሉን ለመስጠት መርፌውን ማን እንደተወጋ ለሰው ትንፍሽ አላልኩም፣ አልልምም። አፍንጫው እኔን ቢመስል እንኳን አክስቱን መሰለ ይባላል፣ በቃ። ስሙንም እናንተው አውጡለት። ብቻ ይወለድ።

እግዜር እቅፍሽን ይሙላልሽ፣ የልብሽን ያድርስልሽ።

እህትሽ፣ የሱ አክስት

እትዬ፣ በኔ ስልክ ደውይ፣ ለአለቃዬ አቀብላታለሁ፣ ድምፅሽን ትስማው። በናትሽ ሳይመሽ ደውይልኝ።