ያልከፈተችው በር

ሀብቴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። በትግርኛ ብጽፍልህ ገና ስምህን ስጠራ ማልቀሴ ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ባስተማሩኝ አማርኛ እጽፍልሃለሁ። በአማርኛ መቆጣት ይቀለኛል፣ ዛሬ ደግሞ ተቆጥቻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰናይት ፋርማሲ ተቀጥራለች። ካፖርትህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ይጠበዋል፣ ግን አያወልቀውም። የሰፈራችን የማይ ጭሆት አውቶቡስ ፌርማታ ወደ ታች ስለተዛወረ ዳገቱን እየረገምኩ እወጣለሁ።

አሁን ወደ ቁጣዬ። ያ በጣሊያንኛ እያነበብክ በትግርኛ የምትነግረኝ የፍቅር ልብ ወለድ ፊልም ሆነ!

መቼም አትረሳውም። ልብስ ሰፊዋ ሴት ትቷት የሄደውን ሰው ለዓመታት ጠብቃ፣ መጥቶ ሲያንኳኳ አልከፈተችለትም። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ኮቴው ደረጃውን ሲወርድ ትሰማለች፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ፣ "ምን ዓይነት ትዕቢተኛ ናት! ትክፈትለት እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። አንተ መነጽርህን አውልቀህ፣ "የጠበቀችው የሄደውን ሰው ነው። እሱ አልተመለሰም፤ ያንኳኳው ሌላ ነው" አልከኝ። ያን ቀን እራታችንን ሳንነጋገር በላን። ከዚያ በኋላም ክርክሩ አልበረደም፤ በባቡር ወደ ምፅዋ ስንወርድ፣ በእህትህ ሰርግ ላይ ሳይቀር ተጨቃጨቅንበት። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ፣ "አሁንም ትክፈት ነው የምትዪው?" አልከኝ። "እወ፣ ትክፈት" አልኩህ። ሳቅህ።

ባለፈው እሑድ ሰናይት ሲኒማ ወሰደችኝ። ሀብቴ፣ ከፈተችለት! ገና ሳያንኳኳ ሮጣ ከፈተችለት! ቫዮሊኑ፣ መሳሳሙ፣ ከዚያ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ሰርግ፣ ቬሎዋን ነፋስ እያነሳው። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ዕድሜ ልኬን የተጨቃጨቅሁለት መጨረሻ ይኸው ነው፤ እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ፣ "አይደለም! ይሄ ሌላ ሰው ነው!" ብዬ ጮህኩ። ከፊቴ የነበሩት ዞረው አዩኝ። ሰናይት ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

ስንወጣ፣ "አደይ፣ ትክፈት ስትዪ የኖርሽው አንቺ አልነበርሽም?" አለችኝ።

"ነበርኩ።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"አባትሽ የለማ!" አልኳት። "የሱን ወገን ማን ይያዝለት?"

ያ ሁሉ ሰው በሚንሸራሸርበት ጎዳና ላይ እንባዬ መጣ። ሰናይት እጄን ያዘችኝ፤ አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ ሌላው እስኪመጣ ቆምን።

እንዲህ ነው ያደረግኸኝ። ረታኸኝ፤ ረትተኸኝም አጠገቤ ሆነህ አትስቅብኝም። እንዴት ያበሽቃል!

ሊያጽናኑኝ የሚመጡት ሁሉ፣ "ሀብቶም ጭምት ነበር፣ ሰው ተቃውሞ አያውቅም" ይሉኛል። ስለማን እንደሚያወሩ እንጃላቸው። እኔ ያገባሁት፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ የሚከራከር እልኸኛ ሰው ነው። እነሱ ጭምቱን ያስታውሱ። እልኸኛውን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ሰናይት ስትወልድ ለልጆቿ አያታቸው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር አንዲት ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ።

አሁንም የተቆጣችው ሚስትህ፣
ለተብርሃን