ተቀመጡ እስክትለን ድረስ

ማንኩሳ፣ የካቲት 30 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለታከለ ገነነ፣ መተማ።

እንዴት ከረምህ? ሙቀቱ አልጎዳህም ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዳልቻዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንስት ናት። በቆሎውንም ነቀዝ ሳይቀድመኝ ለቡሬ ገበያ አወጣሁት።

ይህን የጻፈልኝ መሪጌታ እንዳይመስልህ። የገዛ እጄ ነው። ጎባጣ ከሆነብህ ታግሠህ አንብብ።

የመድኃኔ ዓለም ለት ማታ ደውለህ «አባዬ፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ሆንሁ፤ ይመርቁኝ» ስትለኝ ስልኩ የተቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለምን እንደ ዘጋሁት ስማ።

በበዓል ቀን ሞፈር ስለማይነካ እኛ ሽማግሎችና ባልቴቶች ከትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ተሰጥቶን ፊደል እንቆጥራለን። የምታስተምረን ሰርካለም የምትባል ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ የታናሽ እህትህን ቢሆን ነው። ከእሷ በፊት የነበረው እንደ ሕፃን ያጨበጭብልን ነበር። እሷ ግን «አባባ ገነነ፣ ይህን ሳይጽፉ ቤትዎ አይሄዱም» ትለኛለች። ደስ ይለኛል። ሰው አድርጋ ነው የምትቆጣኝ።

ያን ለት ጎረቤታችንን እንቁን ሰሌዳ ላይ አውጥታ ስሟን ታስጽፋት ነበር። እንቁን ታውቃታለህ፤ ዕድሜዋን ሙሉ በአውራ ጣቷ ስትፈርም የኖረች ናት። የስሟ እኩሌታ ላይ እንደ ደረሰች በሩ ተበረገደ።

ወንዳወቅ የሚሉት ሱፐርቫይዘር ነው አሉ። ቤቶች አላለ፣ እንደምን ዋላችሁ አላለ። የሞተር ቆቡን እንኳ ከራሱ አላወለቀም፤ ድስት የደፋ ይመስላል። «ተነሡ!» አለን። ተነሣን።

«ይኸ ምንድን ነው? ፊደሉን ሳይጨርሱ ስም ታስጽፊያለሽ? ዕቅዱን አላየሽም? አንቺን ብሎ መምህር!»

ጠመኔውን ከእንቁ እጅ ነጥቆ፣ የጻፈችውን በመዳፉ ጠረገና ሀ ሁ ሂ ብሎ ሞነጨረ። የሰርካለም ፊት በርበሬ መሰለ። እንቁ እጇን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ስትሰርቅ የተያዘች ይመስል።

«ተቀመጡ!» አለን ደግሞ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አትሰማም?»

አንተ አለኝ፤ አባቱ እንኳ ቢያገኘኝ አንቱ የሚለኝን ሰውዬ! «እሰማለሁ» አልሁት። «ሰው ቤት ገብቼ ባለቤቷ ተቀመጥ ሳትለኝ ተቀምጬ አላውቅም። ይህ ቤት የእሷ ነው።»

«የመንግሥት ቤት ነው!»

«እንግዲያው መንግሥት መጥቶ ያስቀምጠኝ።»

ከኋላዬ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። የተቀመጡት ተመልሰው ተነሡ። ወገቡን የሚያመው ተስፋው እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያ ባለ ቆብ ላቡ ወረደ። ቢቸግረው ወደ ሰርካለም ዞሮ «አስቀምጫቸው እንጂ!» አላት። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «እማማ እንቁ ስማቸውን ሳይጨርሱ ማንም አይቀመጥም» አለች።

እንቁ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ዘረጋችለት። ጠመኔውን ከመስጠት በቀር ምን ያድርግ? የሱን ሙንጭርጭር በክንዷ ጠርጋ መጻፍ ጀመረች። እሷ እንደ ሆነች አትቸኩልም። ጉልበቴ እንደ እሳት እየለበለበኝ ቆምሁ። እሱም ቆመ። ስትጨርስ ሰርካለም «ተቀመጡ» አለችን፤ እፎይ ብለን ተቀመጥን። እሱ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ።

ወረዳ ገብቶ ምን እንዳወራባት አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ትመጣለች፣ ታስተምረናለች፤ ዐይኗ ግን በር በሩን ነው።

እንግዲህ በዚያው ማታ ነው አንተ የደወልህ። እየሣቅህ ምን አልኸኝ? «ዛሬ አንዷን መምህርት ተማሪዎቿ ፊት ልክ አስገባኋት፤ እንደ ተማሪ ነው ጥግ ያስቆምኋት።» ልክ አስገባኋት! ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስረግም ውዬ፣ ለካስ የራሴም አንድ አለ።

ሞተሩ የመንግሥት ነው፣ ቆቡም የመንግሥት ነው፤ ብልግናው ግን ከቤት የወጣ ነው ይባላል። ከየትኛው ቤት? ከእኔ? እናትህ ብትኖር ሆዷ ቅቤ ነውና ትመርቅህ ነበር። እኔ አልመርቅህም።

ምርቃቴን የምትሻ ከሆነ ወደዚያች መምህርት ክፍል ተመለስ። ግባ እስክትልህ ደጃፉ ላይ ቁም። ይቅርታውን እዚያው በልጆቹ ፊት ጠይቃት፤ በአደባባይ ያዋረደ በጓሮ አይታረቅም። ቢሮህ ጠርተህ ብታባብላት አልቆጥርልህም።

ከዚያ ለፋሲካ ና። ወተት አለ። እናትህ ታነጥፍልህ የነበረውን አጎዛ አራግፌ መደብህ ላይ አንጥፌዋለሁ። ግን ተቀመጥ እስክልህ ትቆማለህ።

መድኃኔ ዓለም ከዚያ ሙቀት ይጠብቅህ። ይኸ ምርቃት አይደለም፤ ለመንገደኛ ሁሉ የምለው ነው።

አባትህ ገነነ