ከጉሮሮዬ ያልወጣች ፊደል

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«እናት ሰዓዳ በምጥ ላይ ሳሉ አዋላጅ ይማም ‹ሂጂ› በማለት ከማዋለጃ ክፍሉ ያባረሯቸው በመሆኑ፣ እናቲቱ በግቢው በር ላይ ሊወልዱ ችለዋል። ስለሆነም ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ድረስ ከማዋለድ ሥራ ታግደው በካርድ ክፍል እንዲሠሩ እናስታውቃለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። «ሊወልዱ ችለዋል» ይላል። ጠጠር ላይ መውለድ ችሎታ ሆነና። «ያባረሯቸው» ይላል። እኔን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጓንት አጥበን ደግመን ስናጠልቅ እንኳ አንዲት እናት ከበር አልመለስኩም።

በአማርኛ መጻፉ ደግሞ ሌላ ስድብ ነው። ለሌላው ሠራተኛ ሁሉ በትግርኛ ነው የሚጻፈው። ከሐይቅ ከተማ መጥቼ እዚህ መቀሌ ስማር፣ ሳስተምርና ሳዋልድ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በትግርኛ ያልተቆጣሁት ተማሪ የለም። እንዲገባኝ ብለው ተርጉመውልኛል።

ደብዳቤውን የሰጠችኝ ኃላፊያችን ሲስተር ለተብርሃን ናት። ማዕከላችን ሐኪም የለውም፤ አዋላጆች ብቻ ነን፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል እንልካለን። ለተብርሃንን መስፋት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዓይኔን ሳታይ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ አለች። ቃሉን አርሚና እፈርማለሁ አልኳት።

የወሰዱብኝ፦ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ። ሽርጤ። የተረኞች ሰሌዳ ላይ ያለው ስሜ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ።

የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የሰዓዳ የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ ቆማለች። እኛ ጋ እናት እንደተመቻት ትወልዳለች፣ ቆማም ተንበርክካም። የመውለጃ በርጩማው በሩ አጠገብ ነበር። በእጄ እያሳየኋት «ሕጂ፣ ሕጂ» አልኳት። በትግርኛ «አሁን» ማለት ነው፣ «ሕ»ዋ ከጉሮሮ የምትወጣ፤ አሁን ግፊ። ከዚያ ጓንት ላወጣ ዞርኩ። ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። የአማርኛውን «ሂጂ» ሰምታ፣ እጄም ወደ በሩ ሲጠቁም አይታ፣ ነጠላዋን አንስታ ወጥታለች። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ እስከ ውጪው በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሮጬ ስደርስ አልቋል። ዘበኛው ኣቦይ ግደይ ካፖርቱን ዘርግቶ ነበር፣ ግን ዘግይቷል። ሕፃኗ ግንባሯን ጠጠር መታት፣ ሆስፒታል ሁለት ቦታ ሰፏት። ትጠባለች። እናትየው ክፉኛ ተቀድዳለች።

ጥፋት አለብኝ። አላባረርኩም። የሁለቱን ልዩነት በጽሑፍ እስኪሰጡኝ ድረስ አልለቃቸውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ካርድ ክፍል። ካርዶቹ በስም የመጀመሪያ ፊደል ነው የሚቀመጡት ይባላል። ውሸት ነው። ሓዳስ ከሀብታም ጋር፣ ሐሊማ ከኂሩት ጋር፣ ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ ተዘባርቀዋል። መለየት ጀመርኩ። የካርድ ክፍሏ ምሕረት እንጀራዋን እየበላች ስታየኝ ቆየችና፣

«ኣያ ይማም፣ በአፍዎ ያልለዩትን በሣጥን ሊለዩት ነው?» አለችኝ።

 እኔ የሷን ስም በየትኛው «ህ» እንደምጽፈው እያሰብኩ ነበር።

አራት ሰዓት አካባቢ ከግድግዳው ማዶ አንዲት እናት ታምጥ ነበር። ያዘቻት ወጣቷ አዋላጅ ፍረወይኒ ናት፣ ቅዳሜ ከኔ ጋር ተረኛ የነበረችው። ትቸኩላለች። ገና ሳይደርስ ታስገፋለች። ግድግዳውን በቡጢ መታሁ። ለተብርሃን በሩ ላይ መጥታ ሥራዎ እዚህ ነው አለችኝ። ከዚያ ልጁ አለቀሰ። ደህና ነው፣ እናቱም ደህና ናት። ደስ አላለኝም። ያለእኔ ደህና መሆናቸው ነው ያናደደኝ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ከሰዓት የሰዓዳን ካርድ አገኘሁ። «የመጡበት፦ ወረባቦ» ይላል። ከኔ አገር የግማሽ ቀን መንገድ። ከሦስት ወር በፊት ነው ባሏን ተከትላ የመጣችው። በአማርኛ ማናገር የነበረብኝን ሴት በትግርኛ ላዋልዳት ሞከርኩ። ካርድ ሳታነቡ ወደ እናት አትጠጉ እያልኩ ስንት ተማሪ አስለቅሻለሁ።

አላነበብኩትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በምሳ ሰዓት ሰዓዳ ቤት ሄድኩ። ወረቀት ይዤ። «አዋላጁ አላባረሩኝም» የሚል፣ መፈረሚያ ቦታ ያለው። አሁን ስጽፈው ያሳፍራል፣ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ባሏ እንድሪስ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ሰልባጅ ይሸጣል። ለምሳ ቤት ነበር። ግቡ አላለኝም። ወረቀቱን አንብቦ በሁለት ጣት ይዞ መለሰልኝ። ሴትዮዋ መቀመጥ አትችልም አለኝ፣ ተቀምጣ ትፈርማለች ብዬ ከሆነ የመጣሁት። ነገሩን ለማብረድ ልጅቷን ማን አላችኋት አልኩት።

«ጎረቤቱ ሁሉ ሂጂ ይላታል። አንቱ ያወጡላት ስም ነው።»

በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ከመጋረጃው ጀርባ ሰዓዳ ተናገረች። ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቅዳሜ አንዲት ቃል አልወጣትም ነበር፣ እኔም አልጠየቅኋት።

«ያገሬ ሰው ኖት አሉ። ባገሬ ቋንቋ ቢያናግሩኝ ምን ነበረ? ሂጂ አሉኝ፣ ወላሂ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነው የወጣሁ።»

ምን አጠፋሁ እያለች። ጭንቅላቱ እየመጣ። ይቅርታ አልኩ፣ በመጋረጃ። ይበሉ ይሂዱ አለኝ እንድሪስ። ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ፍረወይኒን ሻይ ክበብ ያዝኳት። በምስክርነት የፈረመች እሷ ናት። የሰማሽውን ተናገሪ ብዬ አፋጠጥኳት፣ ሰው እየሰማ። ዓይኗ እንባ ሞላ። አላቆምኩም።

«ሕጂ ሊሉ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ኣያ ይማም። የሚወጣው ግን ሂጂ ነው። ዘወትር እንደዛ ነው። የኛ እናቶች ይገባቸዋል፣ ይስቃሉ። ይቺ ግን አማራ ናት።»

ከኋላ ገበታ አንዱ ሳል ሳለ፣ ሳቁን ለመደበቅ። ለካ ተረኛ ስሆን «ዛሬ ኣያ ሂጂ ናቸው» ይባባላሉ። ለእናቶቹም ይነግሯቸዋል፤ ሂጂ ሲሉሽ እንዳትሄጂ እያሉ። ቅዳሜ ለሰዓዳ የነገራት አልነበረም።

ለምን አልነገራችሁኝም አልኩ።

«ማን ይነግርዎታል?» አለች።

ስፌት በአንድ ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ የማስፈታ ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ፊደል የሚያርመኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። እንዳይኖር ያደረግኩት ራሴ ነኝ።

ሽንት ቤት ገብቼ ቃሉን እያልኩ ድምፄን ስልኬ ላይ ቀዳሁት። አሥር ጊዜ። ዘጠኙ «ሂጂ» ነው። አሥረኛው ሳል ነው።

አንድ ነገር ግን አገኘሁ። ፍረወይኒ በትግርኛ የጻፈችውን ምስክርነት በስልኳ ፎቶ አንስታው ኖሯል። አየሁት። የሰማችውን ቃል ጽፋለች፣ ከዚያም «ወጺኣ» ትላለች፤ ወጣች ማለት ነው። አባረራት የሚል የትም የለም። አባረሯት ብለሻል ወይ አልኳት። ኣይፋል አለች፣ በፍጹም። ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ነው ከራሱ የጨመረው። ይህንኑ በጽሑፍ ታረጋግጪያለሽ ወይ ስላት እስክሪብቶዬን ተቀብላ ጻፈችው። ከዚያ ፈረመች። ያስለቀስኳት ልጅ ናት የፈረመችልኝ። አመሰግናለሁ ለማለት ፈልጌ፣ ቀኑን ጽፈሽበታል ወይ አልኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ግማሹ ሠራተኛ ቤተክርስቲያን ነው። እኔም ከጁምዓ በፊት ደብዳቤዬን ለለተብርሃን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

«በትግርኛ ነው የጻፉት» አለች።

በምን ልጻፍልሽ አልኳት።

የፈጸምኩትን ዘርዝሬያለሁ። ካርዱን አላነበብኩም። እናቲቱን በምን ቋንቋ ላናግርሽ ብዬ አልጠየቅሁም። ቃሉን አበላሽቼ ተናግሬያለሁ። ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። በነዚህ ለሚመጣው ቅጣት እፈርማለሁ፣ ለእናቲቱም ይነበብላት። የፍረወይኒን ማረጋገጫ አያይዣለሁ።

ለተብርሃን ወረቀቱን አጠፈችው። ቃሉ ቢሰረዝ እንኳ ወሬው ገበያ ደርሷል፣ እናቶቹ ወደ እርስዎ ክፍል መግባት እምቢ ካሉ ምን ላድርግ አለችኝ። እውነቷን ነው። ያ የነሱ መብት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ግን ያንቺ ነው አልኳት። እንደምትመልሰኝ አልነገረችኝም። እንደማትመልሰኝም አልነገረችኝም። ከማዋለጃ ክፍል ተጠርታ ሄደች። እኔ በሩ ጋ ቀረሁ።

የደብዳቤዬ መጨረሻ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ እኔው ራሴ እንደመለስኩት፣ እንዲህ ይላል፦

«ስለዚህ ‹ያባረሯቸው› የሚለው ቃል ተሰርዞ ‹የተናገሩት ቃል ሌላ ትርጉም በመያዙ እናቲቱ ወጡ› በሚል እንዲተካ፤ ወደ ማዋለድ ሥራዬ የምመለስ ከሆነ የምመለስበት ቀን፣ የማልመለስ ከሆነ ምክንያቱ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። መልሱ በጽሑፍ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት፣ እስከ ረቡዕ ኅዳር 17 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ይድረሰኝ። በአፍ የሚነገረኝን አልቀበልም።»