በምላጭ የፋቅሁት ስም

ይድረስ ለአንዲቷ ልጄ፣

ከባራንኪያ ሙቀት ወደ ቦጎታ ብርድ ሰላምታዬን ልኬያለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉሮሮሽስ? ስትወጪ ስትገቢ አንገትሽን ትሸፍኛለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አክስትሽ ኤኔይዳም ደህና ናት፤ ምላሷ ደግሞ ከሁላችንም የበለጠ ጤነኛ ነው። በረንዳው ላይ የነበረው በቀቀን ሞቷል። እሱ የሞተው የእውነት ነው፤ ወደ ሌላው ሞት አሁን እመጣለሁ።

ለአክስትሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሷል። «ለአባቴ እንዳታነቢለት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል አሉ። እሷም ቃልሽን አክብራ አላነበበችልኝም፤ ሰፈር እስኪሰማ ጮኻ ነው የነገረችኝ። «አንተ ሰውዬ! ልጅህ እዚህ ድረስ መጥታ ደጅህን ሳትረግጥ ተመለሰች! የገዛ አባቷ ቀብሯት የት ትግባ?» አለችኝ። አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ ዘፈንሽን ሲያንጎራጉር ሰምተሽ ዘፋኟን ብትጠይቂው፣ ኮፍያውን አውልቆ «ነፍሷን ይማርና ፓናማዊት ነበረች። መሞቷን የነገሩን ዶን ሲክስቶ ናቸው» ብሎ እኔኑ ጠራልሽ አሉ። አንቺም የዛሬ ሦስት ዓመት ለዘፈን ወደ ቦጎታ ስትሄጂ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ «ከሄድሽ ልጅ የለኝም» ያልሁሽን አስታወስሽና ሁለቱን ደመርሽ። አሳታሚዎችሽ በከተማችን ሸክላሽ ተሸጦ እንዳለቀ ነግረውሽ መጥተሽ፣ ስምሽን የሚያውቅ አንድ ሰው አጣሽ። ከካርኒቫል በኋላ ባለው ሰኞ ዘፈን በቃኝ ልትያቸው ነው አሉ። ልጄ፣ ሰኞ ሳይደርስ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ገድዬሻለሁ፤ አልክድም። ግን ለሥራ ብዬ እንጂ ተቆጥቼ አይደለም።

አንቺ ለሰፈር ጭፈራ ሸክላ የሚያጫውት የፒኮ ባለቤት ልጅ ነሽ፤ ዳዴ ያልሽው ከዚያ ቁመቱ ከበራችን ከሚበልጥ ባለ ሥዕል ድምፅ ማጉያ ሥር ነው። ሌላ ፒኮ ዘንድ የሌለ ሸክላ ያገኘ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ተፎካካሪው አይቶ እንዳይገዛው ምላጭ ያነሳና መሀሉ ላይ ያለውን ወረቀት ይፍቃል፤ የዘፋኝ ስም የለ፣ የዘፈን ስም የለ። መርከበኞች ከአፍሪካ ያመጡልኝን ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ያንቺንም ፋቅሁት። ያንቺን ስም፣ ቀጥሎም የራሴን፣ በገዛ ምላጬ።

ልወቅስሽ የምፈልገው ነገር አለ። ያ የማሽን ከበሮ ምንድን ነው? ከበሮ መቺ ከአገር ጠፋ? ከስምንቱ ዘፈን አምስቱን ስሰማ አክስትሽ መጋረጃ የምትሰፋ ነው የመሰለኝ። ሽፋኑ ላይ ስለለበስሽው ብርማ ሱሪ ደግሞ እናትሽ በሕይወት ብትኖር የምትለው ነበራት፤ እኔ ዝም ብያለሁ። ሸክላውን ገልብጬ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ፉጨቱ መጣ። ያ ምሳ ሲደርስ ከመንገድ የምጠራሽ የኔ ፉጨት፣ ሁለቴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ዘፈንሽን በእሱ ጀመርሽው። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ይኸው ተናገርሁት።

እሑድ ከሰዓት አጫወትሁት፤ ሰፈሩ አበደ። አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም እግሩን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ስለዚህ «የአህያ ርግጫ» ብለው ስም አወጡለት። መበለቷ ዶኛ ኡባልዲና በሰባ ዓመታቸው ረግጠው የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበር ሰበሩ፤ ለድግስ ተውሰነው ነበር።

ሁለት መንገድ አልፎ ፒኮ ያለውን አርጌሚሮን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ሁለት የእህቱን ልጆች እየጨፈሩ ተጠግተው ስሙን እንዲያነቡ ላከ፤ ምን ያንብቡ? ቀጥሎ ራሱ መጣ። «ወንድሜ ሲክስቶ፣ ማቀዝቀዣዬን ውሰድ፤ ስሟን ብቻ ንገረኝ» አለኝ። እኔም ፓናማዊት ናት አልሁት። ሰውየው ጉድ ነው፤ በመርከበኛ ፓናማ ድረስ አስፈለገ! መርከበኛው ባዶ እጁን ሲመለስ፣ እንዲህ የሚፈልግ ሰው ነገ ቦጎታ መሆንሽን ይደርስበታል ብዬ ፈራሁ። «አይ ወንድሜ፣ በከንቱ ደከምህ፤ አርፋለች» አልሁት። «በምን?» አለኝ። «በዓሣ አጥንት።» ሌላ አልመጣልኝም፤ ያን ጊዜ ዓሣ እየበላሁ ነበር።

እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ዶኛ ኡባልዲና ግን «ይህችን የመሰለች ልጅ ያለ ጸሎት አትቀርም» ብለው ቤታቸው የዘጠኝ ቀን ጸሎት አዘጋጁ። አርጌሚሮ አንድ እሑድ ሙሉ ፒኮውን ዘግቶ ዋለ። እኔም ብቀር ይታወቅብኛል ብዬ ለገዛ ልጄ ነፍስ ዘጠኝ ቀን ተንበረከክሁ። ጉልበቴ የተበላሸው ያኔ ነው። በአራተኛው ቀን «በሕይወት ያቆይልኝ» እያልሁ ሳላስበው በሆዴ ጸለይሁ።

አክስትሽ የጮኸችብኝ ሳምንት፣ እሑድ ዕለት፣ ርግጫው በጦፈበት ሰዓት መርፌውን አነሳሁ። ይህን ያደረገ ባለ ፒኮ የለም። ማይክሮፎኑን ይዤ «ሞተች ያልኋችሁ ሴት አልሞተችም። ቦጎታ ናት። ልጄ ናት» አልሁ።

ማን ይመነኝ! «ዶን ሲክስቶ ዛሬ መጠጡን በጊዜ ጀምረዋል!» አለ አንዱ። አርጌሚሮ ደግሞ «ወንድሜ፣ ባለፈው ገደልህ፣ አሁን ወለድህ፤ ነገስ?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸክላውን ላሳይ ብል ስምሽን ራሴ ፍቄዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሌላ ማስረጃ ሳጣ ከንፈሬን አርጥቤ በማይክሮፎኑ አፏጨሁ፤ ሁለቴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ወዲያው መርፌውን አስቀመጥሁት፤ ሸክላው ያንኑ ፉጨት መለሰልኝ።

ሰፈሩ አንቺን ለምሳ ስጠራበት ሲሰማው የኖረ ፉጨት ነውና አሁን አመነኝ። ከዚያ ዶኛ ኡባልዲና ጫማቸውን አውልቀው «ዘጠኝ ቀን! አንተ ከሀዲ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ!» እያሉ ወረዱብኝ። ሲደክማቸው አቅፈውኝ አለቀሱ። «በዓይኔ ፊት ዓሣ ስትበላ ካላየሁ አላምንም» ብለዋል። አርጌሚሮም «እንግዲህ ስሟን አወቅሁ፤ ነገ እገዛዋለሁ» አለ። ግዛ አልሁት።

ማክሰኞ ሠዓሊው መጣ። ፒኮው ላይ ሃያ ዓመት የኖረውን ነብር አጥፋው አልሁት። ምን ልሣል ቢለኝ በወረቀት ጻፍሁለት። ስምሽ ነው፣ ከነአባትሽ ስም፣ ፊደሉ ክንድ ክንድ ያህላል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ጣቢያው ላይ ያልሁሽን ቃል ሳልሽረው አልሞትም፤ ይቅር በይኝ። ዘፈኑን ብትተዪው ያንቺ ፈንታ ነው፤ ግን አንድ ሽማግሌ ሞታለች ብሎ ስላወራ አትተዪው። ለካርኒቫል ቅዳሜ ነይ። በሩ ላይ ቆሜ አፏጫለሁ። ምሳ ደርሷል ማለት ነው፤ ትርጉሙ አልተለወጠም።

ድንግል ማርያም ከጉንፋንና ከክፉ ሰው ትጠብቅሽ። ድምፅሽን ታቆይልሽ፤ እኔንም እስክትመጪ ታቆየኝ።

የገደለሽም ያስነሳሽም፣
አባትሽ

ይህን ሳልጽፍ ረሳሁ፤ ስትመጪ አልጋዬ ላይ በወንበር ስወጣ ብታዪ እንዳትስቂ። ከሥሩ ካርቶኖች ገብተው ከፍ ብሏል። በከተማው ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ የነበረውን ሸክላሽን አንድ ሳላስቀር የገዛሁት አርጌሚሮ እንዳያገኘው ብዬ ነው። እርግጥ አርጌሚሮ ስለ ሸክላው የሰማው ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው።