ከባቄላው ማሳ የተነቀለው ምልክት

ልጄ ሰርክአዲስ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ከወንድምሽ ከእንዳለው ጋር ግን ተኳርፈናል።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያልፍ ተሳላሚ ከመንገድ ዳር እሸት ቢቀጥፍ ነውር እንደሌለው እያወቀ፣ የባቄላ ማሳውን የተባይ መድኃኒት ረጭቶ ዝም አለ። እኔ «መርዝ አለበት፤ አትብሉ» ብዬ ፊደሉን አሳምሬ በቀይ ቀለም ሳንቃ ላይ ጽፌ ማሳው ዳር ተከልኩ። ነቀለው!

«እማዬ፣ ለተሳላሚ እሸት የሚነፍግ አሰኘሽኝ» አለኝ።

«ከነፍሰ ገዳይ ንፉግ ይሻላል፣ አንተ ደንቆሮ!» አልኩት።

ትናንት የጎረቤታችን የባንችይርጋ ልጅ ከዚያ በልታ ስታስመልስ ዋለች፤ ለጥቂት ተረፈች። እሱ ግን አሁንም አልተከለውም። ስለዚህ በትሬን ይዤ ማሳው ዳር ተቀምጫለሁ፤ እስኪመልሰው ድረስ ምልክቱ እኔ ነኝ።

አንቺን ይሰማል። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጄ፤ ብርዱ ሳይጠናብኝ ደውይለት።

እናትሽ ማርያማዊት