እኔ ብሆንም አትክፈቱ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ሳሉ ተወህ? ጀርባህስ? ትራስ ካልደራረብክ እንቅልፍ አይወስድህም ነበርና እዚያ እንዴት ይዞሃል? እማዬና አባባስ ደህና ናቸው? እኔን ብትለኝ አለሁ። እበላለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ሒሳብ ግን እንደ ድሮው ጠላቴ ነው። ከቀበርንህ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ሰው ሁሉ "ሞቷል፣ እርምህን አውጣ" ይለኛል፤ የምነግርህ ነገር ስላለኝ ግን ዛሬ አልሰማቸውም።

ትናንት ፖሊሶች ሣጥንህን ሊወስዱት መጡ። ትልቁን ድምፅ ማጉያ፣ እያሳለህ የሠራኸውን። ሆስፒታል ስትገባ የቀረችው አንዲት ሽቦ ነበረች፤ እሷን እኔ በየድኳት፣ ጣቴንም አቃጠለችኝ። "ሲያልቅ አብረን እንሰማዋለን" ብለህ ቃል ገብተህላቸው ስለነበር ፀጉር አስተካካዩና ሾፌሩ ጓደኞችህ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። እነሱም ሌላ ሰው ጎትተው መጥተው ቤቱ ሞላ። ሻይ አፈላሁ፣ የምትወዳትን ዘፈን ከፈትን፣ ፀጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ ይጨፍር ጀመር።

ጥፋታችንን አልደብቅህም። የድሮው ሣጥን ቮልዩም ላይ በጥፍር ቀለም የቀባሃት ቀይ ነጥብ ነበረች። አንተ ላይ ሆነህ ስታዞር፣ እኔ ከታችኛዋ ጎረቤታችን በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ፣ የሚሰማ ከሆነ የደረጃውን ብረት በማንኪያ አንድ ጊዜ፣ የማይሰማ ከሆነ ሁለት ጊዜ ስመታልህ ነበር ያገኘናት። አዲሱ ሣጥን ግን ገና ነጥብ የለውም። ስለዚህ ልክ አልነበረንም። አንተ "እትዬ ዝምታ" ያልካት ጎረቤታችን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ብትደበድብም አልሰማናትም። ከዚያ የእኛ በር ተንኳኳ።

ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ አንዱ ሸምገል ያለ፣ አንዱ ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከበሩ ጀርባ ወደ ለጠፍካት ወረቀት ዞርኩ። ለጩኸት ብለው አንድ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ካሳደሩህ በኋላ፣ የአንድ ጠበቃ ሬዲዮ ስትጠግን እሱ እየነገረህ የጻፍካት ናት። ድምፁን ቀንስ። ውጣና በሩን ከኋላህ ዝጋ። ክፉ ቃል ከአፍህ አይውጣ። ማዘዣ ጠይቅ። ያላነበብከውን አትፈርም። ከሥር ደግሞ በትልቁ፦ ውስጥ ያላችሁ፣ እኔ ብሆንም አትክፈቱ።

ድምፁን ቀነስኩ፣ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ቀጭ አለ። በካልሲ ነበርኩ፤ ቁልፉም ውስጥ ቀረ።

ወጣቱ ዕድሜዬን ጠየቀኝ። አሥራ ስድስት ስለው "አዋቂ ጥራ" አለኝ። አንኳኳሁ። "ማነው?" አለ ሾፌሩ። "እኔ ነኝ፣ ክፈቱ።" "ወረቀቱ አትክፈቱ ይላል!" "እኔ ነኝ እኮ!" "አስገድደውት ነው፣ ወዶ አይደለም!" ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ። ሸምገል ያለው ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ወጣቱ አልሳቀም። "ሣጥኑ ይውጣ፤ ኤግዚቢት ነው" አለ።

ፈራሁ፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ግን ጉልበት ይንቀጥቀጥ፣ ምላስ አይንቀጥቀጥ ትል ነበር። "ድምፁን ቀንስ ካሉኝ ቀንሻለሁ፣ ልክ ነዎት። ውስጥ የተጎዳ ሰው የለም፣ ድረሱልኝ ያለም የለም። ገብተው ዕቃ ለመውሰድ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘዋል?" አልኩት። "ይሄን ሁሉ ማን ነው የሞላህ?" አለኝ። "ወንድሜ።" "በል እሱን ጥራው።" "እየጠራሁት ሦስት ሳምንት አለፈኝ፤ እስቲ እርስዎ ይሞክሩ" አልኩት።

ወጣቱ ወደ ባልደረባው ዞረ። ሸምገል ያለው ማስጠንቀቂያ ጻፈና "ፈርም" አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ሰክረው ሲረብሹ" ይላል። የጠጣነው ሻይ ነው፣ ይሄ ካልተሰረዘ አልፈርምም አልኩ። ወጣቱ "አሁንስ አበዛው!" አለ። ሸምገል ያለው ጎንበስ ብሎ አፌን አሸተተና ሰረዘው። "ሁለተኛ አቤቱታ ከመጣ ግን ማዘዣ ይዤ ነው የምመጣው። ያን ጊዜ ሣጥኑ ይወሰዳል" አለኝ። "ማዘዣ ከያዙማ በሩን ራሴ እከፍትልዎታለሁ" አልኩት። "አሁን እሱን ተወውና ጫማ አድርግ፣ ይበርድሃል" ብሎኝ ወረደ።

እነሱ ከሄዱም በኋላ ወዳጆችህ አልከፈቱልኝም። በመጨረሻ ሾፌሩ "ወንድምህ ምን እያለ ነበር የሚጠራህ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ቡሎን" ስለው ተከፈተልኝ። ከሄድክ ወዲህ ያንን ስም በአፌ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

ከቀብሩ ጀምሮ እኔ ጋ የምታድረው አክስታችን ይሄን ስትሰማ "ይሄን ሣጥን ሽጥና እኔ ዘንድ ና፤ ልጅ ከፖሊስ ጋር አፍ ለአፍ ይገጥማል?" ብላ ተቆጣች። ሣጥኑም አይሸጥ፣ እኔም አልሄድ አልኳት። ማታውኑ ኮቷን ደርባ ወደ ቤቷ ሄደች። ብትቆጣም ሰላም ብላሃለች። ፀጉር አስተካካዩ ሰላም ይልሃል፤ አሁን ጭንቅላቴን በነፃ ነው የሚያስተካክለኝ። ሾፌሩም ሰላም ይልሃል። የእማዬን ጉንጭ፣ የአባባን ጉልበት ሳምልኝ።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ሦስት ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩና ሣጥንህን ከፈትኩ። ጫማዬን አድርጌ፣ ቁልፌን ይዤ፣ እትዬ ዝምታ በር ላይ ወርጄ አዳመጥኩ፤ ይሰማል። ወጥቼ ቀነስኩና ተመልሼ ወረድኩ። አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአምስተኛው ምንም አልተሰማኝም። ላይ ማንም እንደሌለ እያወቅኩ ብረቱን በማንኪያ ሁለት ጊዜ መታሁልህ። ከዚያ ወጥቼ ነጥቧን ቀባሁ።

ታናሽህ ቡሎን
ከአራተኛ ፎቅ፣ ከሣጥንህ አጠገብ
እሑድ ረፋድ፣ በሄድክ በሃያ ሦስተኛው ቀን